ጠፍጣፋው ኮክ ለምን እምቢ አለ?

የጓሮ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ዛፍ ናቸው። አሜሪካኖች ዶናት ፒች ስለሚሉት፣ ከላይና ከታች ተጭኖ ስለተጠፈጠፈው ኮክ። ፍሬው ሱቅ ውስጥ ውድ ነው፣ ጣዕሙ ማር ነው፣ ልጆች ይወዱታል። ስለዚህ ሁሉም ጓሮው ሊተክለው ይፈልጋል። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ካሊፎርኒያ፣ ሪቨርሳይድ አካባቢ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ነበር የምሠራው። ዛፉን ቤት ወስደው ከዓመታት በኋላ ተናደው የሚመለሱ ሰዎችን ብዙ አስተናግጃለሁ። የዛሬውን ገጽ ለእሱ ለቅቄዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ሞሬኖ ቫሊ ነው የምኖረው። ከአራት ዓመት በፊት ከትልቅ መደብር አንድ ዶናት ፒች ገዝቼ ተከልኩ። ዛፉ ቁመቱ ጥሩ ነው፣ ግን ኤፕሪል ገብቶም ግማሹ ቅርንጫፍ ራቁቱን ነው። አበባው አንዱ ፌብሩዋሪ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ኤፕሪል መጨረሻ ላይ። ፍሬ ቢባል እፍኝ አይሞላም። ውኃ አላጓደልኩበትም፣ ማዳበሪያም ሰጥቻለሁ። ጎረቤቴ ከጎኑ ሁለተኛ ዛፍ ካልተከልሽ አያፈራም ትላለች። ባለቤቴ ደግሞ ካልቆረጥኩት ብሏል። ማንን ልስማ?
እናት፣ ከሞሬኖ ቫሊ

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለተኛ ዛፍ አያስፈልግዎትም። ኮክ፣ ክቡም ሆነ ጠፍጣፋው፣ በራሱ አበባ ያፈራል። ጎረቤትዎ ከቼሪ ወይም ከፖም ጋር አምታተውት ይሆናል። ባለቤትዎ ግን ወደ እውነቱ ሳይጠጉ አልቀሩም፤ መጋዙን ግን ትንሽ ያቆዩት።

የዛፍዎ ችግር የብርድ ማነስ ነው። ኮክ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። በደንብ እንዲነቃ ደግሞ የተወሰነ የብርድ ሰዓት ቆጥሮ መጨረስ አለበት። በተለመደው አቆጣጠር የሚያዘው ከ45 ዲግሪ ፋራናይት በታች የሆነው ሰዓት ነው፤ በሴንቲግሬድ 7 ገደማ። አንዱ ዝርያ 150 ሰዓት ይበቃዋል። ሌላው 800ም፣ ከዚያ በላይም ይጠይቃል። የእኛ ሰፈር ዊንተር ደግሞ ያውቁታል፤ ሌሊት ይበርዳል፣ ጃንዋሪ መሀል ላይ ድንገት የአጭር እጅጌ ሸሚዝ ቀን ይመጣል። ከ60 ፋራናይት በላይ የሆነ የቀን ሙቀት ሌሊት ከተጠራቀመው ብርድ የተወሰነውን ያጠፋዋል። ሌሊቱን ሲቀሰቅሱት ያደረ ሰው ጠዋት እንዴት እንደሚውል ያስቡ። ዛፍዎም እንደዚያው ነው። አንዱ እምቡጥ ነቅቷል፣ ሌላው ገና ነው። የተራዘመ አበባ፣ የዘገየ ቅጠል፣ ራቁት ቅርንጫፍ፤ እነዚህ ሦስቱ አብረው ሲመጡ ብዙ መጠራጠር አያስፈልግም። ማዳበሪያ ይህን አይፈውስም። ቢጨምሩበት ይብስ የማያፈራ ለምለም ቀንበጥ ነው የሚያወጣው።

አሁን ወደ ችግኙ ታፔላ እንሂድ። ካልጣሉት ያንብቡት። የዝርያው ስም ምን ይላል? «ዶናት ፒች» ብቻ ካለ ምንም አልነገረዎትም፣ ያ የቅርጹ ስም ነው። ቅርጹ ጠፍጣፋ ሆኖ የብርድ ፍላጎታቸው የማይገናኝ ብዙ ዝርያዎች አሉ። እኔ ደንበኞቼን ሁልጊዜ የምለው ይህን ነበር፦ ቅርጹን ትታችሁ ቁጥሩን ግዙ። ታፔላው ላይ የብርድ ሰዓት ካልተጻፈ ሻጩን ጠይቁ። ሻጩ ካላወቀ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።

በብዛት የምናየው ስታርክ ሳተርን ነው። ሥጋው ነጭ፣ በጣም ጣፋጭ ነው። ከኒው ጀርሲው ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ የማዳቀል ሥራ የወጣ ዝርያ ነው። የካሊፎርኒያ ችግኝ አምራቾች ከ200 እስከ 300 የብርድ ሰዓት ይበቃዋል ብለው ይሸጡታል። ሌሎች ከዚያ ከፍ ያደርጉታል፣ እኔም ባየሁት ከነሱ ጋር ነኝ። ብርድ በደህና በገባበት ዓመት እዚህ ጥሩ ያፈራል፣ ዊንተሩ ከሞቀ ያኮርፋል። ከሱ ዝቅ የሚለው ዩፎ ነው። የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ነው ያወጣው፣ 250 አካባቢ ይበቃዋል። ሥጋው ቢጫና ጠንከር ያለ ስለሆነ ሲበስል አይፈርስም። እኛ ጋ እንደ ሳተርን በየሱቁ አይገኝም፣ አስቀድሞ ማዘዝ ይሻላል። እንደ ሳን ዲዬጎና ሳንታ ሞኒካ ባሕሩ ዳር የምትኖሩ ግን ጠፍጣፋውን ትታችሁ እንደ ፍሎርዳ ፕሪንስ ያለ ወደ 150 ሰዓት የሚበቃው ክብ ኮክ ብትተክሉ ይሻላል እላለሁ። የሚያሳዝን ምክር ነው፣ ግን ፍሬ ይበላበታል።

እዚህ ላይ የምወደውን ታሪክ ጣል ላድርግ። ጠፍጣፋው ኮክ መነሻው ቻይና ነው። አሜሪካ ውስጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስተዋወቀው ጆርጂያ፣ ኦገስታ ከተማ ውስጥ ችግኝ ጣቢያ የነበረው በርክማንስ ነው። ዝርያው ፒንቶ ይባል ነበር። ብርድ ብዙም ስለማይፈልግ ጆርጂያ ውስጥ ቀድሞ ያብብና ውርጭ ይመታው ነበር። ፍሎሪዳ ሲወርድ ግን ተመቸው። እና ጠፍጣፋ ኮክ ሙቀት አይወድም የሚሏችሁን አትስሟቸው። ከዚያ ቤተሰብ ውስጥ ሙቀት የለመደም አለ፣ ቀዝቃዛ አገር የተዳቀለም አለ። የበርክማንስ ችግኝ ጣቢያ የነበረበት መሬት ዛሬ የማስተርስ ጎልፍ ውድድር የሚካሄድበት ሜዳ ነው። ኳሱን የሚመታው ሰው ኮክ ረግጦ መቆሙን አያውቅም።

ወደ እርስዎ ዛፍ ልመለስ። ዝርያው ብዙ ብርድ የሚፈልግ ከሆነ መጠበቅ አይጠቅምም። ኮክ ዕድሜው አጭር ነው፤ ጓሮ ውስጥ 15 ዓመት ካገለገለ ጥሩ ነው። ከዚያ ላይ አራቱ ሄደዋል። ሁለት መንገድ አለዎት። አንደኛው መንቀልና በጃንዋሪ ወይም ፌብሩዋሪ ሥሩ ራቁቱን የሚሸጥ ችግኝ ገዝቶ መተካት ነው። ርካሽም ነው፣ ምርጫም በዚያ ሰሞን ነው ያለው። ቦታውን ግን ትንሽ ይቀይሩት፤ ኮክ ኮክ በተነቀለበት ጉድጓድ ውስጥ ደስ አይለውም። ሁለተኛው መንገድ ያለው ግንድ ላይ ብዙ ብርድ የማይፈልግ ዝርያ ማዳቀል፣ ማለትም የዚያን ዝርያ ቅርንጫፍ ቆርጦ ግንዱ ላይ ማጣበቅ ነው። የሚያዳቅል ሰው ካገኙ እኔ ይህንን እመርጣለሁ፤ የአራት ዓመት ሥር በከንቱ አይቀርም።

ሳተርን ከሆነ ግን ባለቤትዎን ያስታግሱልኝ። ከኦክቶበር ጀምሮ ውኃውን ይቀንሱ። ዲሴምበር አልቆም ቅጠል ይዞ ከቆየ በእጅ ያራግፉት፣ እንዲተኛ ይረዳዋል። ሌላ ጊዜ ስትተክሉ ደግሞ ፊቱ ወደ ደቡብ ከሆነ ግድግዳ ሥር አይሁን፤ ያ ግድግዳ በዊንተር ምድጃ ነው። ጓሮው ዝቅ የሚልበትና ቀዝቃዛ አየር የሚተኛበት ቦታ ይሻላል። ትልልቅ እርሻዎች ዛፉን በግድ የሚቀሰቅስ ኬሚካል ይረጫሉ። ለቤት አይሆንም፣ ለሰው አደገኛ ነው፣ አይፈልጉት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከሱቅ የገዛነውን ጠፍጣፋ ኮክ በልተን ዘሩን ተከልኩ። ፊኒክስ ነኝ። ሁለቱ በቀሉ። አንዱ ዘንድሮ አፈራ፣ ግን ክብ ነው! ሌላው በደንብ ያብባል፣ ፍሬ ይይዛል፣ ከዚያ ፍሬው ገና ትንሽ እያለ በሙሉ ይረግፋል። ጓደኞቼ እየሳቁብኝ ነው። ምንድነው ነገሩ?
ወጣት አትክልተኛ፣ ከፊኒክስ

መልስ፦ ልጄ፣ ሳቃቸውን ተወውና አንተ የሳይንስ ትምህርት አግኝተሃል። የኮክን ቅርጽ የሚወስነው አንድ ጂን ነው። ከእናትና ከአባት ከአንዳቸው ብቻ የጠፍጣፋነቱን ቅጂ የወረሰ ዛፍ ጠፍጣፋ ያፈራል። ከሁለቱም ካልወረሰ ክብ ነው። ከሁለቱም የወረሰው ደግሞ ያብባል፣ ፍሬውን ይጀምራል፣ ግን አያደርሰውም፣ ያረግፈዋል። ስለዚህ የምንበላው ጠፍጣፋ ኮክ ሁሉ ግማሽ ጠፍጣፋ ነው ማለት ይቻላል። ኮክ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ የአበባ ዱቄት ይዳቀላል። ከዘር ከሚበቅሉ አራት ዛፎች በአማካይ ሁለቱ ጠፍጣፋ፣ አንዱ ክብ፣ አንዱ ፍሬ አርጋፊ ይሆናል። ያንተ ሁለቱ ከሁለቱ ዳር ያሉት ሳይሆኑ አልቀሩም።

አርጋፊውን ከመንቀልህ በፊት ግን ሌሎች ምክንያቶችን አጥራ። ፊኒክስ ውስጥ ውኃ አንድ ሳምንት ከተዘለለ ማንኛውም ኮክ ፍሬውን ይጥላል። ዘግይቶ የመጣ ውርጭም ያረግፋል። ውኃውን አስተካክለህ በሚቀጥለውም ዓመት አንድም ሳይቀር ከረገፈ ግን ዛፉ አይማርም። ክቡ ጣዕሙ ጥሩ ከሆነ አቆየው። የጠፍጣፋ ቅርንጫፍ አምጥተህ ልታዳቅልበትም ትችላለህ።

ግንዱን ቀለም ቀብተኸዋል? የእናንተ ፀሐይ ልጡን ያቃጥለዋል፣ ከዚያ ግንድ የሚበሳው ጥንዚዛ ይገባበታል። ለቤት ውስጥ የሚሆን ነጭ ላቴክስ ቀለም ከእኩል ውኃ ጋር በጥብጠህ ከመሬት እስከ ዋና ቅርንጫፎቹ ድረስ ቀባው። የዘይት ቀለም እንዳይሆን።

ጥያቄ፦ ቅጠሉ በስፕሪንግ ይጨማደዳል፣ ቀይ ሆኖ ያብጣል። ምን ልርጭበት?
ከሳን ሆዜ

መልስ፦ አሁን ምንም። ከተጨማደደ በኋላ የሚሠራ መድኃኒት የለም። ፈንገስ ነው፤ በዝናባማ ስፕሪንግ ይበረታል። መዳብ ያለበት ርጭት የሚረጨው ዛፉ ተኝቶ እያለ ነው፤ ቅጠሉ ረግፎ ሲያልቅ፣ በታንክስጊቪንግ ሰሞን አንዴ፣ ከዚያ እምቡጡ ሳያብጥ፣ በቫለንታይን ሰሞን ሌላ ጊዜ። ቫለንታይንን ካሳለፋችሁ አልፏችኋል።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። እስራኤል፣ አሽቀሎን ነን። ሦስት ጥያቄ በአንድ ደብዳቤ፣ ይቅርታ። የጠፍጣፋው ኮክ ቅጠል ቢጫ ሆኗል፣ ቅጠሉ ላይ እንደ ደም ሥር የተዘረጋው መስመር ብቻ አረንጓዴ ነው። ሁለተኛ፣ ፍሬው ሊበስል ሲል ውስጡ ነጭ ትል ይገኛል። ሦስተኛ፣ እናቴ በሦስት ዓመት ውስጥ የመጣ ፍሬ አይበላም ትላለች። ዛፉ ሁለት ዓመቱ ነው።
እህትና ወንድም፣ ከአሽቀሎን

መልስ፦ ይቅርታ የሚያስፈልገው ጥያቄ የለበትም። ቢጫ ቅጠል ላይ አረንጓዴ መስመር ማለት የብረት እጥረት ነው። ብረቱ መሬት ውስጥ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም፤ ኖራ የበዛበት አፈር ይዞ አይለቀውም። ተራ የብረት ማዳበሪያ ብታፈሱበት እሱንም ይይዝባችኋል። አፈሩ ኖራማ ሲሆን የሚሠራው ኢዲዲኤችኤ የሚባለው የብረት ኬሌት ነው። እናንተ ጋ ሴክቬስትሪን ብላችሁ ስትጠይቁ ይሰጧችኋል። ቀይ ዱቄት ነው፣ ልብስ ያቆሽሻል፣ በውኃ በጥብጣችሁ ሥሩ ጋ አፍሱት፣ አፈር አልብሱት። ውኃም አታብዙ፤ የራሰ ኖራማ አፈር ነገሩን ያብሰዋል። ለሚቀጥለው ዛፍ ግን ከላይ ካለው ዝርያ እኩል ከታች ያለውን ሩትስቶክ፣ ማለትም ዝርያው የተዳቀለበትን ሥር፣ ጠይቁ። ጂኤፍ 677 ከሆነ ግዙት። የኮክና የአልመንድ ድቅል ነው፣ ኖራ ይችላል። እኛ ካሊፎርኒያ የምንጠቀመው ኔማጋርድ የሚባለው ሩትስቶክ አሸዋማ መሬት ላይ ሥር የሚያቆስለውን ኔማቶድ የሚሉትን ጥቃቅን ትል ይቋቋማል፣ ኖራ ላይ ግን እናንተ እንዳያችሁት ቢጫ ይሆናል።

ትሉ የሜዲትራኒያን የፍራፍሬ ዝንብ ልጅ ነው። ፍሬው መቅላት ሲጀምር እናቲቱ ትወጋውና እንቁላል ትጥላለች። ጥቂት ዛፍ ላለው ሰው ከመርጨት ማልበስ ይሻላል። ፍሬው ለውዝ ሲያህል አሳሱና የቀረውን በወረቀት ከረጢት ወይም በስስ ጨርቅ እሰሩት። አሰልቺ ነው፤ ቡና እየተፈላ ቤተሰቡ ሁሉ ቢወጣ ግን ከሰዓት አያልፍም። የረገፈውን ሁሉ በየቀኑ ልቀሙ። አፈር ውስጥ አትቅበሩት፤ ትሉ አፈር ውስጥ ነው ወደ ዝንብነት የሚለወጠው። ላስቲክ ውስጥ ቋጥራችሁ ፀሐይ ላይ ጣሉት፣ ከዚያ ወደ ቆሻሻ።

በእናታችሁ ጉዳይ አልገባም፤ ዘሌዋውያን 19፥23 ላይ ያለ ነው፣ አቆጣጠሩን ቄሳችሁን ወይም ረቢያችሁን ጠይቁ። ከሙያው አንጻር ግን እናታችሁ ዛፉን ጠቅመውታል። ገና ሁለት ዓመቱ በሆነ ኮክ ላይ ፍሬውን ገና ጠጠር እያለ ማራገፍ ቅርንጫፉን ያጠነክረዋል። ለዝንቡም መራቢያ አይተዉለትም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ሬድላንድስ ነኝ። ዩፎ ተክዬ ተሳክቶልኛል! ግን ሁለት ነገር አስቸግሮኛል። ስለቅመው እንጨቱ ጋ ቆዳው ይቀደዳል። አንዳንዱ ደግሞ ከታች፣ እምብርቱ ጋ ተሰንጥቆ ውስጡ ነፍሳት ይገባል።
ደስተኛ ሰው፣ ከሬድላንድስ

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለህ። የመጀመሪያው የጠፍጣፋ ኮክ ሁሉ ጠባይ ነው። እንጨቱ አጭር ስለሆነ ፍሬው ቅርንጫፉ ላይ ልጥፍ ብሎ ነው የሚያድገው። እንደ ክቡ አትጎትተው። ትንሽ መቀስ ይዘህ እንጨቱን ቁረጠው። ከቅርንጫፉ ጋር ተጨናንቀው የሚያድጉትንም ስታሳሳ ቀድመህ አስወግድ።

ስንጥቁ ከውኃና ከአስተዳደግ ፍጥነት ይመጣል። ውስጡ ያለው ዘር ጠጥሮ ሳያበቃ ፍሬው በድንገት ሲነፋ ዘሩ ይከፈላል፣ እምብርቱም አብሮ። ለዚህ ነው ሁሉንም በአንድ ቀን አታሳሳ የምለው። መጀመሪያ ጥንድ ጥንዱን ለይ፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ በፍሬና በፍሬ መካከል አንድ ስንዝር ያህል ቦታ እንዲኖር አድርገህ ጨርስ። ውኃ ደግሞ በእኩል ልክ፤ ደርቆ ቆይቶ አንድ ቀን ማጥለቅለቅ ዋናው ጥፋት ነው። ግንዱን ሳይነካ ዙሪያውን ጉዝጓዝ አልብሰው።

መግረዙን አልጠየቅከኝም፣ እኔ ግን ሳልናገር አላልፍም። ኮክ የሚያፈራው ባለፈው ዓመት ባደገ ቀንበጥ ላይ ብቻ ነው። አንዴ ያፈራ እንጨት አይደግምም። ስለዚህ በየዓመቱ በዊንተር መጨረሻ ካለፈው ዓመት ቀንበጥ ግማሽ ያህሉን ቁረጥ፣ መሀሉንም ክፍት አድርገህ ፀሐይ አስገባ። ሐበሻ ዛፍ መቁረጥ ይፈራል። ኮክን የፈራ ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ መሰላል ይገዛል።

አንድ ነገር ደግሞ። በ2024 መጀመሪያ ላይ በምሥራቁ የፍራፍሬ ዝንብ ምክንያት እዚያው ሬድላንድስ ከ2000 በላይ ቤቶች ጓሮ ውስጥ ያለ ፍሬ በመንግሥት ሠራተኞች ተለቅሞ ተወስዷል። ሰፈርህ ኳራንቲን ውስጥ ከገባ ለዘመድ በፌስታል መላክ የለም፣ እዚያው ቤትህ ብላው።

ጥያቄ፦ በቅርቡ አገር ቤት እሄዳለሁ። እናቴ ቢሾፍቱ ሰፊ ግቢ አላት። ከጠፍጣፋው ኮኬ ጥቂት ቅርንጫፍ ቆርጬ በሻንጣ ብወስድላት፣ ያለው የአበሻ ኮክ ላይ ማዳቀል ይቻላል?
ከዳላስ

መልስ፦ ማዳቀሉ ይቻላል። በሻንጣ መውሰዱ አይቻልም። ቅርንጫፍ ቫይረስ ይዞ ይሄዳል፣ አንተ በዓይንህ አታየውም። ከዚህ የጤና ምስክር ወረቀት፣ ከዚያ ደግሞ ከግብርና ባለሥልጣን የማስገቢያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ያንን ሁሉ ጨርሰህ ብታደርሰው እንኳ ቢሾፍቱ ላይ አይመችም። ከፍታዋ 1900 ሜትር አካባቢ ነው፤ ሌሊቱ ቢቀዘቅዝ ቀኑ ይሞቃል፣ ብርዱ አይጠራቀምም። ፖም በደንብ የያዘው ጨንቻ ከፍታው ከ2700 ሜትር በላይ መሆኑን አስብ። እዚያም ቢሆን ዛፉን ለማስተኛት ቅጠሉን በእጅ የሚያራግፉ አሉ።

እናትህ ግቢ ያለው ኮክ ደግሞ አገሩን ለምዷል። ፍሬው ትንሽ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ስላልተገረዘና ስላልሳሳ ነው። ይልቅ ጥሩ የመግረዣ መቀስና የምትታጠፍ መጋዝ ውሰድላት፤ ከፍሬው ግማሹን ገና ጠጠር እያለ እንድታራግፈው አሳምናት፣ ይህኛው ከባድ ሥራ ነው። መቀሱን የእጅ ሻንጣ ውስጥ አታስገባው፣ ኤርፖርት ላይ ይወስዱብሃል።